«የመጀመሪያው ይሻል ነበር» ለምትሉን ሁሉ

ልደታ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ነው። «ነገ ልደታ ቀጠሮ አለኝ» ያለን ሰው ማንም ለምን ብሎ አይጠይቀውም፤ «እግዜር ይርዳህ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ። እኛ ግን የሰፈሩ ልጆች ነን፤ ቀጠሮ ሳይኖረን በዚያ በር ስንመላለስ ነው ያደግነው። ተከሰን ግን አናውቅም ነበር። ሰሞኑን ተከሰስን።

ችሎቱ የተሰየመው ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች ትንሽ ማኪያቶ ቤት ነው። ወንጀላችን «ራማቶሓራን ወደነዋል፤ እንዲያውም ደግመን አነበብነው» ማለታችን ነው። አፋችንን ሳንዘጋ ፍርዱ ወረደ፦ «ዴርቶጋዳ ይሻል ነበር!» አንዱ ከማኪያቶው ቀና ሳይል፣ ሌላው ስልኩን እየነካካ፣ ሦስተኛው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተንጠራርቶ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ይግባኝ የለም።

እኛም የዋህ ነንና ጠየቅን። «ሁለተኛውን አንብበኸዋል?» የመጀመሪያው ዳኛ «ጀምሬው ነበር» አለ። ሁለተኛው «ያነበበ ሰው ነግሮኛል» አለ። ሦስተኛው ሽፋኑ ምን እንደሚመስል እንኳ አያውቅም። ግን ሦስቱም እርግጠኛ ናቸው። ወዳጆቻችን፣ ከዚህ በላይ ምን እንላለን? ባላነበቡት መጽሐፍ ሙሉ ድምፅ ያለው ውሳኔ!

ይህ ጽሑፍ የመከላከያ መልሳችን ነው። ስንጀምር ግን አንድ ነገር እናስመዝግብ፤ ይቅርታ አንጠይቅም።

ነገሩ እንዴት ጀመረ

2001 ዓ.ም. ላይ የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ ሲወጣ እኛ ሰባተኛ ክፍል ነበርን። ያኔ የነበረውን ሁኔታ ለማያስታውስ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ታክሲ ውስጥ መጽሐፉ፣ ትምህርት ቤት መጽሐፉ፣ የፀጉር ቤት ወንበር ላይ መጽሐፉ። በጣና ገዳማትና በናሳ መካከል የሚሮጥ፣ ሰላዮች የሚሳደዱበት፣ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት የሁሉ ነገር ቁልፍ የሆነበት ታሪክ ነበር። ሻጊዝ እጅጉ የሚለውን ስም ስንሰማ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1998 ዓ.ም. ያረፈውን የቦንጋውን ልጅ፣ በአሜሪካ የጠፈር ሥራ ውስጥ የነበረውን ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ያላሰበ አልነበረም። ፋንታሲ ነው? የስለላ ነው? የሳይንስ ልብ ወለድ ነው? ለመምህራን እንተወው። እኛ የምናውቀው መብራት ሲጠፋ በሻማ ማንበባችንን ነው።

ሌላም ነገር የሆነው በዚያው ሰሞን ነው። ሰፈራችን ፈረሰ። የልደታ አሮጌ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ተብሎ መነሣት የጀመረው ያኔ ነበር። ጭቃ ቤቱ፣ የጋራ ግቢው፣ የቧንቧው ወረፋ፣ መጽሐፍ የምንከራይባት የቆርቆሮ ሱቅ፣ ሁሉም ቀይ ቀለም ተቀባባና ተራውን ጠበቀ። አከራያችን መጽሐፉን በቀን አንድ ብር ይሰጠን ነበር፤ ለማስያዣ የታላቅ ወንድም መታወቂያ። አንዷን ኮፒ ለስድስት ልጆች እያዞርን አነበብናት። ሽፋኗ ከወለቀ በኋላ በፕላስተር ተያያዘች፤ መሐል ላይ ሁለት ቅጠል ጎደላት፤ የጎደለውን ያነበበው ላላነበበው በቃሉ ይተርክለት ነበር።

ከዚያ ተበታተንን። አንዱ ጀሞ ገባ፣ አንዷ ቃሊቲ፣ አንዱ ከአያቱ ጋር ወደ ኮልፌ። የተረፍነው ሦስት ነበርን። በዚያ ዘመን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሞባይል የለውም፤ ጀሞ ማለት ደግሞ ሌላ አገር ማለት ነበር።

ራማቶሓራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀጣዩ ክፍል! እንዳገኘነው ያደረግነው ነገር ማንበብ አልነበረም። ልጆቹን መፈለግ ነበር። በአንዱ ግንቦት ልደታ፣ የተነሡት ጎረቤቶች ሁሉ ለበዓሉ ወደ ቀድሞ ሰፈራቸው ተመልሰው ንፍሮ በሚቃመስበት ቀን፣ ስድስታችንም በልደታ ማርያም አጥር ሥር ተገናኘን። እናቶቻችን ስለ አዲሱ የውሃ ቆጣሪ ሲያወሩ፣ እኛ በየተራ ጮክ ብለን አነበብን። ከዚያ መጽሐፉን ለሳምንት ለሳምንት ተካፈልነው፤ ጀሞ ሄደ፣ ቃሊቲ ሄደ፣ ተመለሰ። እሱ በሄደ ቁጥር እኛም ተከትለነው ሄድን።

«ታዲያ የወደዳችሁት መጽሐፉን ሳይሆን ትዝታውን ነዋ!» ትሉ ይሆናል። አይደለም። ክሶቹን በተራ እንመልከታቸው።

አንደኛ ክስ፦ «ለገንዘብ የተጻፈ ነው»

ይህ በጣም የተለመደው ነው። አንደኛው ስለተሸጠ ሁለተኛው ተጻፈ ይሉናል። እሺ፣ ይሁን! በአማርኛ መጽሐፍ ጽፎ እንጀራ መብላት ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው? ልብስ ሰፊው ሁለተኛ ሱሪ ሲሰፋ «ለገንዘብ ነው» ብለን እንከሰዋለን? ዘፋኝ ሁለተኛ ካሴት ሲያወጣ «በአንደኛው በቃህ» አልን? ደራሲ ላይ ሲሆን ብቻ ነው ጾሙን እንዲውል የምንፈልገው።

ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ታሪክ እንደምታስቡት አይደለም። ሰርቫንቴስ የተባለው ስፔናዊ የዶን ኪኾቴን የመጀመሪያ ክፍል ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1605 ነው። ሁለተኛውን ሳይጨርስ፣ በ1614 ሌላ ሰው በብዕር ስም የሐሰት ሁለተኛ ክፍል አውጥቶ ሸጠበት። (አዎ፣ አስመስሎ ማሳተም የተጀመረው በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ ላይ አይደለም!) ሰርቫንቴስ በ1615 የራሱን ሁለተኛ ክፍል አወጣ። በዚያ ውስጥ ባለታሪኮቹ የመጀመሪያውን ክፍል ያነበቡ ሰዎችን በመንገድ ላይ ያገኛሉ። ዛሬ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ይበልጣል የሚሉ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። ያ ሁሉ የሆነው የእኛ የማኪያቶ ቤት ዳኞች በዚያ ዘመን ስላልነበሩ ነው። ቢኖሩ ኖሮ «የ1605ቱ ይሻል ነበር» ብለው ዘግተውት ነበር።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌን በአንድ መጽሐፍ አላቆሙትም፤ ሁለተኛ አለው፣ ሦስተኛ አለው። አባቶቻችን በሦስቱም ፊደል ቆጥረዋል፣ ምክር ተቀብለዋል። «አንደኛው በቂ ነበር» ያላቸው ሰው ሲጠቀስ አልሰማንም።

ሁለተኛ ክስ፦ «የፈረንጅ ቅዠት ነው፤ የእኛ አይደለም»

ይህ ክስ የሚመጣው ከታላላቆቻችን ነው፤ ስለዚህ በአክብሮት እንመልሳለን። ጋሼ፣ ይቅርታዎንና፣ በራሪ ነገርና ተአምረኛ ጉዞ የፈረንጅ የሆነው መቼ ነው?

ክብረ ነገሥትን ይመልከቱ። ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ይዞ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላዎቹ ከምድር ክንድ ያህል ከፍ ብለው ይሄዳሉ፤ የብዙ ቀን መንገድ በአንድ ቀን ያልቃል። ስለ እስክንድር የሚተርከው የግዕዝ መጽሐፍም አለ፤ ዓለምን እየዞረ እንግዳ ፍጥረትና እንግዳ አገር የሚያይ ንጉሥ። እነዚህ መጻሕፍት በብራና ሲገለበጡ ሃሪ ፖተር አልተወለደም፤ የሃሪ ፖተር አያት ቅድመ አያትም አልተወለዱም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድስ? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ጦቢያ ብለን የምንጠራው መጽሐፍ፣ ስለ ምን ነው? የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ስለምትወጣ ወጣት ልጅ ነው። አንዲት ሴት ወንድ መስላት በፍቅር ትወድቅላታለች። ባሪያ መሆን አለ፣ ጦርነት አለ፣ የማይታመን መገናኘት አለ። ዛሬ አንድ ልጅ ይህንን ጽፎ ቢያወጣ «ይህ ደግሞ የቱርክ ድራማ ነው» ብላችሁ ታባርሩት ነበር። ልብ ወለዳችን የተጀመረው በጀብዱ ነው። ጀብዱን የምንወደው እኛ ከሥር መሠረቱ ጋር ነን፤ ከመንገዱ የወጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛ ክስ፦ «ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ የልጆች ነገር ነው»

እዚህ ላይ ከፊሉን እናምናለን። ታማኝ ተከሳሽ ነን። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ግጥምጥሞሽ ይበዛል። ባለታሪኮቹ አንዳንዴ መድረክ ላይ እንደቆመ ሰው ረዥም ንግግር ያደርጋሉ። አንድ መጽሐፍ የአሥር መጽሐፍ ሐሳብ ሲሸከም ትከሻው ይጎብጣል። ይህንን እኛም አይተናል፤ ስንወደው ዓይናችንን አላጠፋንም።

ግን ጥያቄ አለን። ይህንን ያስተካክል የነበረው ማን ነው? በሌላው ዓለም ደራሲው የጻፈውን ተቀብሎ «ይህ ምዕራፍ ይቆረጥ፣ ይህ ሰው ዝም ይበል» የሚል አርታኢ አለ። እኛ ዘንድ ብዙ ደራሲ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አርሞ፣ ራሱ ተበድሮ ማተሚያ ቤት ከፍሎ፣ ራሱ ለአዟሪ ያከፋፍላል። የወረቀት ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሚያስበው ስለ ገጽ ብዛት ነው። እናንተ ሃያሲ ነን የምትሉ፣ ጉድለቱን ስታዩ ለምን እሱን አትጽፉም? ለምን ስለ አርታኢ እጦት፣ ስለ ሥርጭት፣ አንድም የልጆች መጽሐፍ ስለሌለበት ትምህርት ቤት አታወሩም? ልጅ ላይ ማሾፍ ይቀላላ!

«የልጆች ነገር» የምትለዋን ቃል ደግሞ እንያት። ኧርሱላ ለግዊን የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ ስለ አንድ የደሴቶች ዓለም ለወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1968፣ በ1971 እና በ1972 ሦስት መጻሕፍት አወጣች። ሁሉም አለቀ ሲል፣ በ1990 አራተኛውን ይዛ መጣች። በዚህኛው ያ ኃያል አስማተኛ ኃይሉን አጥቶ ተራ ሰው ሆኗል፤ ታሪኩን የምናየው በአንዲት ባሏ የሞተባት፣ ቤቷን በምታስተዳድር ሴት ዓይን ነው። «ይህ የምናውቀው አይደለም» ብለው የተቆጡ አንባቢዎች ነበሩ። ግን በ1968 የ14 ዓመት ልጅ የነበረው አንባቢ በ1990 የ36 ዓመት ሰው ነው። መጽሐፉ አብሮት አደገ። ሃሪ ፖተርም እንደዚሁ ነው፤ ከ1997 እስከ 2007 በወጡት ሰባት መጻሕፍት፣ በ11 ዓመቱ የጀመረ ልጅ የጨረሰው በ21 ዓመቱ ነው።

ቀጣይ ክፍል ማለት ይህ ነው። ስትመለስ ቤቱ ያው ነው፤ አንተ ግን ቁመት ጨምረሃል። ራማቶሓራን ስንከፍት ከሰዎቹ ጋር መተዋወቅ አላስፈለገንም። ማን እንደሚናገር ከአነጋገሩ እናውቃለን። ለማን እንደምንፈራም እናውቃለን። የመጀመሪያውን ስናነብ ዝም ብለን የዘለልናትን ነገር ሁለተኛው ላይ ስናገኛት «ቆይ፣ ቆይ!» ብለን ወደ ኋላ ሄደን ፈለግናት፤ ያችን በፕላስተር የተያያዘች ኮፒ። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን መጽሐፍ ደግመን ያነበብነው ያኔ ነው። ማንም መምህር ያላስተማረንን ነገር አንድ ቀጣይ ክፍል አስተማረን፦ ማንበብ ወደ ኋላም መሄድ እንደሆነ።

አሁን ደግሞ እኛ እንክሰስ

ዋናው ነገራችን ይህ ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ብዙ ሰው የሚያነበው ሌላው ስላነበበው ነው። ወሬው ያመጣዋል። ታክሲ ውስጥ ያየዋል፣ ይገዛል፣ ያነባል፣ «እኔም አንብቤዋለሁ» ይላል። ነውር የለበትም፤ እኛም የገባነው በዚያው በር ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ወሬው ረግቧል። ያኔ መጽሐፉን ፍለጋ የሚወጣው ልጅ ለወሬ ብሎ አይደለም። ማወቅ ስለፈለገ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ገዢ ያፈራል፤ ቀጣዩ ነው አንባቢ የሚያፈራው።

እና ያ ልጅ፣ ከስንት አንድ የተገኘው ልጅ፣ መጽሐፉን ይዞ ሲመጣ የምትሉት ምንድን ነው? «የመጀመሪያው ይሻል ነበር»! እሱ አፍሮ መጽሐፉን ቦርሳው ውስጥ ይከታል። እናንተ በማግስቱ «ትውልዱ አያነብም» የሚል የውይይት መድረክ ላይ ተቀምጣችሁ ታለቅሳላችሁ። አያነብም? ሲያነብ ማን አስቆመው?

ከስድስታችን የሆነውን እንንገራችሁ። ራማቶሓራን ከጨረስን በኋላ ቀጣይ ፈለግን፤ ቀጣዩ ገና አልመጣም ነበር። ረሃቡ ግን አልጠበቀንም። አከራያችን ሱቁን ወደ አብነት አካባቢ አዙሮ ነበርና ተከትለነው ሄድን። «ስለላ ነው የምትወዱት?» አለና የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ሰጠን። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ስለታገደ መጽሐፍ ሲነግረን ከመጽሐፉ እኩል ፈራን። ከዚያ የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር መጣ፤ ያን ሁሉ ገጽ የደፈርነው ወፍራም መጽሐፍ ስለማንፈራ ነው። ወፍራም መጽሐፍ አለመፍራትን የት ተማርን? መልሱን ታውቁታላችሁ። ጀሞ የገባው ልጅ ዛሬ መምህር ነው፤ የአማርኛ መምህር። ዴርቶጋዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ደስ የሚል ክረምት ይኖረን ነበር። ቀጣዩ ክፍል ስለነበረ ልማድ ኖረን።

ስለዚህ ጥያቄያችን ከባድ አይደለም።

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለምታደራጁ፦ አንደኛውን ገዝታችሁ ሁለተኛውን አትተዉ። መጽሐፍ ስትለግሱም እንደዚሁ። ልጅን በር ላይ አድርሶ መዝጋት ምን ይባላል? አራት ኪሎ ላይ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አብርሆት ሲከፈት ደስ ብሎናል፤ ወረፋውንም አይተናል። ግን የልደታ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ደርሶ የሚገባበት የሰፈር ቤተ መጻሕፍትም ያስፈልገዋል። ያቺ የአንድ ብር ሱቅ ፈርሳ በቦታዋ ምን ተተካ? ሕንፃው አምሯል፤ ባቡሩም ከ2008 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በልደታ ያልፋል። መጽሐፍ የሚያከራይ ሰው ግን በመልሶ ማልማቱ ካርታ ላይ አልነበረም።

መጽሐፍ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ለምትበትኑ፦ ፍቅራችሁን እናውቃለን፤ እኛም በአንድ ኮፒ ስድስት ሆነን ያነበብን ነን። ግን ያቺ ኮፒ ተገዝታ ነበር። ሁሉም በነፃ ካነበበ ቀጣዩን ክፍል የሚጽፍ አይኖርም። «ቀጣዩ መቼ ነው?» እያላችሁ ደራሲውን የምታስቸግሩት እናንተው ናችሁ!

ለማኪያቶ ቤት ዳኞቻችን፦ መጽሐፉን አንብቡና ጥሉት። ከመቶ ገጽ በኋላ ሰለቸን በሉ፤ መጨረሻው አላረካንም በሉ፤ ምክንያታችሁን ዘርዝሩ። እኛም እንከራከራለን፣ ምናልባትም ትረቱናላችሁ። የማንቀበለው ሳይከፈት የተዘጋውን መዝገብ ነው።

ባለፈው ሳምንት በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣ አገኘናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ጭኗ ላይ የተከፈተው ሁለተኛው ነው። ልናልፋት ስንል ቀና ብላ «አንደኛውን አንብባችሁታል?» አለችን። አዎ አልናት። «ታዲያ ይሄኛው አይሻልም?» አለች።

ከመካከላችን ማንም አልተከራከራትም። አጠገቧ ተቀመጥንና የት እንደደረሰች ጠየቅናት።